ያለበስኩት ገመድ

ኅዳር 3፣ እሑድ

ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ኮት አጠበብኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ የለም፣ ማለፊያም የለም። ባሌ የጊታሩን ድምፅ የሚቀያይርባቸውን ፔዳሎች ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግቷቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ እየተንበረከከ እነሱን ሲነካካ ጉልበቱ አለቀ፤ አሁን ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ ሊያስገባቸው ነው። ራክ ይሉታል። የብረት ሳጥን ነው፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው። ዕቃዎቹ እንደ መሳቢያ ተደራርበው ከፊት በብሎን ይታሰራሉ። ከባዱ አምፕሊፋየር ከታች፣ ቀላል ቀላሉ ከላይ።

ዋርሳዬም መጥቷል፤ የባሌ ታናሽ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ። ሁለቱ ሲገናኙ እኮ ቤቱ ገበያ ነው።

"እሱን ከላይ አድርገው እንጂ!"
"አንተ ነህ እኔ ነኝ የምጫወተው?"
"አንተ ትጫወታለህ፣ ሲበላሽ የምጠራው እኔ!"

"እትዬ፣ ይሄን ሰውዬ እንዴት ቻልሽው?" አለኝ። "ወንድሙን የቻልኩ" አልኩት። ሳቅን።

ማታ ሲሞክሩት ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። አንድ መሰኪያ ብቻ ላላ ብሏል፤ ነገ ይበየዳል። ቅዳሜ መድረክ ይወጣል እንግዲህ... ከባሌ ይልቅ የጓጓሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።

ኅዳር 4፣ ሰኞ

ዋርሳዬ ጠዋት መጣ፣ መሰኪያውን በየደ፣ እየሮጠ ሱቁ ሄደ። ባሌም ልምምድ ወጣ። ሳጥኑ ከፊት ሲያዩት እንዴት ያምራል! ዞሬ ከኋላ ሳየው ግን... ጉድ! ገመዱ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ተንጠልጥሏል። የተተረተረ ሹራብ። እኔ ደግሞ የተንጠለጠለ ክር ካየሁ እጄን ይበላኛል፤ ሥራዬ አይደል?

ከኮት የተረፈ ጥቁር ጨርቅ ነበረኝ። የመብራቱንም የድምፁንም ገመድ አንድ ላይ ሰብስቤ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና እጅጌ ሰፋሁለት። ስፌቱ አይታይም። ባሌ ሲያየው "አንቺ፣ ይሄ እኮ ሊዳር ነው የሚመስለው!" አለ። ኮራሁ። ለምን አልኮራ?

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ባሌ ሲከፍተው... እምምምምም። ሳጥኑ ውስጥ ንብ የሰፈረ ይመስላል። ጊታሩን ገና ሳይነካው!

ዋርሳዬ ተጠራ። መሳቢያዎቹን ከፊት አንድ በአንድ እያወጣ በቴስተሩ ፈተሻቸው። ሁሉም ደህና። "ከኋላ ልየው" አለ።

"ከኋላ ጨርቅ ነው ያለው። የሚስቴን ስፌት እንዳትቀድብኝ። ብየዳህን እይ!"
"ብየዳዬ ምን ሆነ?"
"እሑድ ደህና ነበር፤ ሰኞ አንተ ነካኸው፣ ዛሬ ይሄው።"
"ሠላሳ ዓመት በይጃለሁ እኮ።"
"ሠላሳ ዓመት ስትቸኩል ነው የኖርከው!"

ዋርሳዬ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን ሰብስቦ "ሌላ ሰው ፈልግ" ብሎ ወጣ። እኔን እንኳን ደህና ዋይ አላለኝም። እነዚህ ሁለቱ ተሳድበው ያውቃሉ፤ ተኳርፈው ግን አያውቁም። ምን ገባብን?

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ ዋለ። ሐሳቤ ሌላ ጋ ነው። እሑድ ደህና ነበር... ከእሑድ ወዲህ ምን ተጨመረ? ብየዳው። ሌላስ? የኔ እጅጌ። ወይ አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቅ ይጮኻል እንዴ?

ባሌ ሲወጣ ሳጥኑን ከፈትኩት። እምምምም... ስፌቱን በምላጭ ተረተርኩ። ከጥቅሉ የመብራቱን ገመድ ወደ ጎን ሳብ ሳደርገው ድምፁ ቀነሰ። ሳስጠጋው ጨመረ። ሳብ... ቀነሰ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ግራና ቀኝ ያደረጉት በምክንያት ኖሯል! መብራቱና ድምፁ አይዋደዱም። እኔ አስሬ አንድ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው።

ሁለት እጅጌ ሰፋሁ፤ የመብራቱን በግራ፣ የድምፁን በቀኝ። ጸጥ።

ባሌ ሲመለስ ጨርቁን ልብ ሳይል ያቺን መሰኪያ ነካ ነካ አድርጎ ከፈተው። ጸጥ። "አየሽ! ብየዳው ነበር። እኔ አጠበቅኩት!" ለባንዱ ልጆች ሁሉ በስልክ አወራ። እኔ አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። ምን ያዘኝ? እፍረት? ሲደሰት ደስታውን ላለመንጠቅ? እንጃ። እሱ ጨርቄን ሲጠብቅ ነው እኮ ወንድሙን ያስቀየመው።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

ካውያዬን በፌስታል ይዤ ዋርሳዬ ሱቅ ሄድኩ። ካውያው ደህና ነው።

"እትዬ፣ ይሄ ምንም አልሆነም።"
"ትናንት እምቢ ብሎኝ ነበር።"
"አሁን ንስሐ ገብቷል።" ቀልዱ ከአፉ ወጣ፣ ፊቱ ግን አልሳቀም። "የሳጥኑ ድምፅ ጠፋለት?"
"ጠፋ።"
"ምን ኖሯል?"
"እኔ እንጃ" አልኩ። እኔ እንጃ! ምላሴን ምን ነካው?

ጠረጴዛው ላይ የሰው ሬዲዮ ተደርድሯል። ጠግኖ የጨረሳቸውን ነው መልሶ የሚከፍታቸው። "ብየዳዬን እያየሁ ነው" አለኝ ቀና ሳይል። "ዓይኔ ደክሞ እንደሆነ... የሰው ዕቃ ላላበላሽ።"

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ለባሌ ነገርኩት። ሳጥኑን እየወለወለ ነበር።

"ብየዳው አይደለም። እኔ ነኝ።"
"ምኑ?"

ሁለቱን እጅጌ በእጄ አጠጋጋሁ፤ እምምም። ለየኋቸው፤ ጸጥ። ሦስቴ። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ረቡዕ ስጎርር ዝም ብለሽ አየሽኝ?"
"አየሁህ።"
"እሱስ?"
"የጠገናቸውን ሬዲዮዎች መልሶ እየከፈተ ነው። ዓይኔ ደክሟል ይላል።"

ጫማውን አሰረ። ፈታ። እንደገና አሰረ። አልወጣም። "ምን ብዬ ልሂድ?" አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለጫማው። እኔንም አኩርፎኛል፣ ይገባኛል።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት ተነሥቶ ሳጥኑን በጎማው እየገፋ መንገድ ወጣ። ከኋላ ደገፍኩለት። ያ ጎማ በድንጋዩ ላይ ሲንቋቋ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ አለ። "ቤት እየለቀቃችሁ ነው እንዴ?" አለችን አንዷ።

ዋርሳዬ ሱቅ በር ላይ ስንደርስ ባሌ አላበው። "አንድ ብሎን የላላ መሰለኝ። እስቲ እየው።" ምንም አልላላም፤ ጠዋት እኔ ፊት ነው ያጠበቃቸው።

ዋርሳዬ ሳጥኑን አየ፣ እሱን አየ፣ እኔን አየ። ያኔ ተናገርኩ። "ያንተ ብየዳ ምንም አልነበረውም። ገመዱን አንድ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐሙስም አውቄ ነው ዝም ያልኩህ።"

እጅጌዎቹን በጣቱ ዳሰሰና "እትዬ፣ ያለበስሽው ለብርድ ነው?" አለ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ከዚያ ወንድሙን "ያዝልኝ" ብሎ የብሎን ጣሳውን ሰጠው። ምንም ያልተበላሸውን ሳጥን ከላይ እስከ ታች ፈታው። ባሌ ጉልበቱን እያመመው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ብሎን በብሎን ይቀበለዋል። ይቅርታ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ስልኩ ጮኸ። የባንዱ አለቃ ነው፤ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፣ መድረኩ ተዘጋጅቷል፣ የት ናችሁ ይላል።

"ቆዩን" አለው ባሌ። "ወንድሜ ገና አልጨረሰም።"