ከድልድዩ ላይ ያየሃት ባቡር

ለውድ ወንድሜ ለኮሊን፣

ይህ ወረቀት ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ እጅህ ሲገባ በደህና ያግኝህ። እንደምን አለህ? ጉልበትህ በረታልህ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ይለግማል? ከሁሉ በላይ ዓይንህ እንዴት ሆነ? ጆአን በፋሲካ በላከችልን ካርድ ላይ «መሃል መሃሉን አያይም፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው» ብሎ ሐኪሙ እንደነገራችሁ ጽፋ፣ ብሬንዳና እኔ ቀኑን ሙሉ ስናዝን ዋልን። ጆአንስ ደህና ናት? ሄዘርና ልጆቿስ? እናንተ ዘንድ አሁን ሙቀቱ ሊገባ ነው፤ እኛ ደግሞ ካፖርታችንን ከቁም ሳጥን አውጥተናል። እኔ ከነሳሌ፣ ብሬንዳም ከነስኳር በሽታዋ፣ ተመስገን፣ አለን።

ደብዳቤ ከጻፍኩልህ አራት ዓመት አልፎኛል። በገና ስትደውሉ ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስለ ክሪኬት ጨዋታ እናወራለን፣ ከዚያ «ቆይ ጆአንን ላቅርብልህ» ብለህ ስልኩን ትሰጣታለህ። አልፈርድብህም። ዛሬ የምጽፍልህ የማፍርበትን ነገር ነው። ዓይንህ ስለደከመ ይህን ወረቀት ሄዘር ጮክ ብላ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። ይህ ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ጥፋቴ በወንድሜ ልጅ አፍ ሲነገር ታየኝና ከበደኝ። ኋላ ግን ይሁን አልኩ። አንተን ውሸታም ያስባልኩህ በሰው ፊት ነው፤ እውነቱም በሰው ፊት ይነበብ። ሄዘር ልጄ፣ አንዲት ቃል ሳትዘልዪ አንብቢለት።

ሄዘር ታሪኩን ሰምታው እንደሆነ አላውቅም። እንደማውቅህ ከሆነ አልነገርካትም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ያኔ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ አንተ ዘጠኝ ነበርክ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማችን የሬትፎርድ ወንድ ልጅ ሁሉ ውሎው ሀዲድ ዳር ነበር። እናታችን ዳቦ በማርማላታ ቀብታ፣ ቀዝቃዛ ሻይ በጠርሙስ ሞልታ ትሸኘናለች፤ እኛም ከሀዲዱ በላይ ያለው ድልድይ ላይ ወጥተን እንሰየማለን። ባቡር በመጣ ቁጥር ግንባሩ ላይ ያለውን ቁጥር እናነባለን፣ የአገሩ ባቡሮች ቁጥር ሁሉ ከታተመበት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ፈልገን እናገኘዋለን፣ ከሥሩ እናሰምራለን። ይኸው ነው። ትርፉ ምን ነበር ብትል ምንም። ግን አዲስ ቁጥር ያሰመርን ቀን የተቀቀለ ጎመን እንኳ ይጣፍጠን ነበር።

ሕጉ አንድ ነበር፤ በገዛ ዓይንህ ያላነበብከውን ቁጥር አታሰምርም። ያላየውን ያሰመረ ልጅ ከሌባ አይሻልም፣ ድልድዩ ላይም ቦታ የለውም። ሕጉን የሚያስከብረው ዴስመንድ ነበር፤ ያ የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ጢም አበቀልኩ ባዩ። ብርቅ ባቡር አየሁ ያለ ልጅ ምስክር ይጠራ ነበር። ከብርቆቹ ሁሉ ብርቋ ደግሞ የስኮትላንዷ «የሎሞንድ እመቤት» ናት። ከኤደንብራ ወዲህ አትወርድም ይባል ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ትወርዳለች ብዬ ሦስት ዓመት ጠብቄያታለሁ፤ ቁጥሯን ከጸሎት ይልቅ በቃሌ አውቀው ነበር።

ያን እሁድ ሌሎቹ ልጆች የአይስክሬም መኪናዋን ደወል ሰምተው ሮጠው ስለወረዱ፣ ድልድዩ ላይ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ አቀርቅሬ አሰምራለሁ። ማስመሪያ ነበረኝ፤ አንተ በእጅህ ስለምታሰምር መስመርህ ይጣመም ነበርና እስቅብህ ነበር። በየቀኑ የምናያት የአንዲት ተራ ዕቃ ጫኝ ባቡር ቁጥር ሥር ቀጥ ያለ መስመር ላወጣ ስጠበብ፣ አንተ እጅጌዬን ይዘህ «ሌስ! ሌስ! እሷ ናት!» ብለህ ጮህክ። «አትነካካኝ፣ መስመሬን ታጣምምብኛለህ» አልኩህ። ቀና ስል ድልድዩ በእንፋሎት ታፍኗል። በወዲያኛው በኩል ሮጬ ስደርስ የመጨረሻውን ፉርጎ ጀርባ ብቻ አየሁ። ፉጨቷን ግን ሰምቻለሁ። እንደ ሌሎቹ ቀጭን አልነበረም፤ እንደ ጸሎት ቤታችን ኦርጋን ወፍራም ነበር። እሷ እንደሆነች ያኔውኑ አውቄያለሁ። አንተም ቁጥሯን ፈልገህ አሰመርክ።

ልጆቹ ሲመለሱ ዴስመንድ አገጩ ላይ አይስክሬም እንደተለጠፈ «ይህ ትንኝ ምን ነክሶት ነው የሚዘለው?» አለ። ስትነግረው «ሂድ ወዲያ! ተኝተህ በህልምህ ነው ያየሃት» ብሎ ሳቀብህ። አንተም «ሌስን ጠይቀው! ሌስ አብሮኝ ነበረ!» አልክ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አቀርቅሬ ነበር፣ አመለጠችኝ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያን ማለት ሞት መሰለኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅኳትን፣ መጽሐፍ ከያዘ ሦስት ወር ያልሞላው ታናሼ አየብኝ። ቅናት ነው ኮሊን፤ ሌላ ስም የለውም። «እሷ አይደለችም። ያቺ ሁልጊዜ የምታልፈዋ ናት፤ እኔ ራሴ ቁጥሯን አንብቤያለሁ» አልኩ።

«ውሸታም! ውሸታም!» እያሉ እስከ ቤታችን አጥር ተከተሉህ። አባታችን ጓሮ ድንች ሲቆፍር ሰማ። ዴስመንድ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሁሉን ነገረው። አባታችን የባቡር ምልክት ሰጪ ነበርና በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ «ምልክት ሰጪ ሲዋሽ ሰው ይሞታል» የሚላት ነገር ነበረችው። ወጥ ቤት አስገብቶ መጽሐፍህን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ላጲስ ሰጠህ። «አጥፋው» አለህ። «አይቻታለሁ አባባ» አልክ። «አጥፋው ብዬሃለሁ!» «አይቻታለሁ።» ያኔ ወደ እኔ ዞሮ «ሌስሊ፣ አንተ ትልቁ ነህ። ንገረኝ፣ እውነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። እነሆ ሁለተኛ ዕድል። እናታችን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ታየኛለች። እኔም ድልድዩ ላይ ያልኩትን ደገምኩት። መጽሐፍህ ምድጃ ውስጥ ገባ። አንተ አላለቀስክም፤ እኔን ብቻ አየኸኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድልድዩን ረግጠህ አታውቅም።

መጽሐፉስ መጽሐፍ ነው። የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንተ አንድ ነገር በተናገርክ ቁጥር አባታችን ቀና ብሎ እኔን ያይ ነበር። ሲኒ ቢሰበር፣ ከትምህርት ቤት ብትዘገይ፣ መምህሩ አመሰገነኝ ብትል እንኳ፣ ቃልህ እኔ ራሴን ካልነቀነቅኩ እዚያ ቤት ውስጥ አያልፍም ነበር። በሃያ ዓመትህ የመርከቡን ወረቀት ይዘህ መጥተህ «ባሕር ማዶ ፍሪማንትል ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሄድ ነው» ስትል፣ አባታችን አንተን ሳያይ «እውነቱን ነው?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። «አዎ አባባ» አልኩት። አንተ ኮትህን አንስተህ ወጣህ። እኔ ሚስትና ሥራ ያለኝ ጎልማሳ ሆኜ፣ ያን ቀንም ዝም አልኩ። አባታችን ሊሞት ሲል ሦስት ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ አፌን ከፈትኩና ውሃ ትፈልጋለህ ወይ አልኩት። አንተን ሐሰተኛ ነው እንዳለ ሄደ። ይህን የማስተካክልበት መንገድ የለኝም።

አሁን ለምን ትዝ አለህ ትለኝ ይሆናል። ትዝ ያላለኝ ቀን የለም። የሆነው ግን ይህ ነው፤ ባለፈው ወር ቤተ መጻሕፍታችን ስለ ልጅነት ትዝታ የሐሙስ ከሰዓት ዝግጅት አደረገና፣ ስለ ባቡር ቁጥር ለቀማችን እንድናገር ጋበዘኝ። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጣ። ስለ ዳቦው፣ ስለ ቀዝቃዛው ሻይና ስለ ሕጋችን አወራሁ፣ ሳቁልኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። «ያን ሕጋችሁን አፍርሳችሁ አታውቁም?» ብላ አንዲት ተማሪ ብትጠይቀኝ፣ «ኧረ በፍጹም» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ከዚያ አንዲት የታሪክ ማኅበር ሴት የድሮ የሥራ መዝገብ ቅጂ ይዛ ተነሣች። ያን እሁድ አንዲት ባቡር ዮርክ ላይ ተበላሽታ፣ በእሷ ምትክ «የሎሞንድ እመቤት» መንገደኞቹን ይዛ ወደ ለንደን መውረዷን አነበበች። «በሬትፎርድ አልፋለች ማለት ነው፤ ያያት ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም» አለች። ፊት ለፊት የተቀመጠው ዴስመንድ የጆሮ መስሚያውን ወዝወዝ አድርጎ «እንግዲያው ያ ትንኝ አልዋሸም! ሌስ፣ አንተ አይደለህ እንዴ አይደለችም ያልከን?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ አየኝ። በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ ሽበቴን ይዤ፣ ምን ያልኩ ይመስልሃል? «ልጆች አልነበርን? ማን ያስታውሰዋል!» ብዬ ሳቅኩ። እነሱም ሳቁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ስድሳ አንድ ዓመት አድሮ ደጃፌ ድረስ ሲመጣ፣ በሩን እንደገና ዘጋሁበት።

ሦስት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። ብሬንዳ «ሳልህ ነው» ብላ ሐኪም ልትጠራ ስትል አፈርኩና ነገርኳት። በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ቀን አይታኝ አታውቅም። በማግስቱ ዴስመንድ ቤት ሄጄ በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉን አወጣሁለት። ከዚያ «እኔ ያን ልጅ እስከ አጥራችሁ ድረስ ውሸታም እያልኩ ነድቼዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ነው የበደልከኝ» አለኝ። ተቀመጥ አላለኝም። በሩን ሊዘጋ ሲል «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ጻፍለት! ፖስታ ቤቱ ገና አልተዘጋም» አለኝ። ለታሪክ ማኅበሯ ሴትም ስምህን ሰጥቻታለሁ፤ ያያት ኮሊን ነው፣ እኔ አላየኋትም ብዬ ፈርሜያለሁ።

ይቅር በለኝ ኮሊን። ይቅር ባትለኝም አይገርመኝም፤ ስልኩን ለጆአን ማቀበልህን ብትቀጥል አልቀየምህም። በደሌን ልጅነቴ ሠራው እንዳልል፣ ልጅነቴ የሠራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የቀረውን ስድሳ አንድ ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለጆአን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ካርዷ መስኮታችን ላይ ነው። ለሄዘር፣ ይህን ለማንበብ ለተገደደችው፣ አጎትሽ አፍሮ ሰላም ብሎሻል በላት። የልጆቿን የሩቢንና የትንሹን ቶቢን ጉንጭ ሳምልኝ። ብሬንዳ ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ብላለች፤ ዓይንህን ፀሐይ እንዳይነካው ኮፍያ አድርግ ብላሃለች። ዴስመንድም መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ትንኝ ማለቴን ትቻለሁ በልልኝ» ብሏል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አላየሃትም ስል ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። እንዴት ነበረች? ቀለሟ አረንጓዴ ነበር ወይስ ጥላሸት ለብሳ ነበር? ነጂው አየህ? እጁን አነሣልህ? ለሄዘር ንገራትና ትጻፍልኝ። የምትለውን ሁሉ አምናለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ሌስሊ

ሬትፎርድ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2019