በሽተኛ አልሆንም ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሚካኤል

አልተኛም አልኳት። አልተኛም ብዬ ወጣሁ፤ እስከ ለቡ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ እጅጋየሁ ዮርዳኖስ አገር ሥራ አግኝታለች። በደላላ አይደለም፣ በበረሃ አይደለም፤ በሕጉ። አሻራ ሰጥታ፣ ሐኪም አይቷት፣ ውሉ በአማርኛና በዐረብኛ ተጽፎ። አንዲት አሮጊት ልትጦር ነው። ሁለት ዓመት። የቀራት አንድ ነገር ነው፤ ሐሙስ የብቃት ምዘና አለባት፣ ሲኦሲ የሚሉት። ካለፈች ውሉ ይጸድቃል። ከወደቀች አሠሪዎቹ አይጠብቁም፣ ሌላ ሰው ይወስዳሉ።

ሥልጠናው ላይ የተለማመዱት በላስቲክ አሻንጉሊት ነው። "አባባ፣ አሻንጉሊት አይከብድም፣ አያኮርፍም። አንተ አልጋ ላይ ተኛልኝና ላንሳህ" አለችኝ። ሽባ ሁንልኝ ማለቷ ነው። ሽባ!

በቤቴ ሟርት አይገባም። ሰው ታምሜያለሁ እያለ እየቀለደ ከተኛ በሽታው ሰምቶ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ራሴን አመመኝ ብዬ ስዋሽ እናቴ አፌን በጥፊ ትለኝ ነበር። ደግሞ እኔ አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርቤ የገነባሁ ሰው ነኝ። ከዚህ ከሀና ማርያም እስከ ፉሪ ስንቱ አጥር የኔ ነው። እኔን ማንም አያነሳኝም።

ማክሰኞ፣ እግዚአብሔር አብ

ከድጃ ተኛችላት። ጎረቤታችን ናት፣ እኩያዬ፣ ምላሷ የማይዝል። አልጋዬ ላይ ተጋድማ "ወይኔ ጎኔን! ወይኔ ወገቤን!" እያለች ግቢውን አሳቀችው። እጅጋየሁ ታገላብጣታለች፣ ትራስ ከጀርባዋ ታደርጋለች፣ በማንኪያ ሾርባ ታጎርሳታለች።

እኔ በር ላይ ተቀምጬ መሮዬን እስል ነበር። የሚሳል ነገር አልነበረውም።

"ተሰማ፣ ና እይ፣ ልጅህ እንደ ንግሥት ያዘችኝ" አለችኝ ከድጃ።

"ንግሥት ድስት አትጠርግም" አልኳት። ሾርባውን ጨርሳው ነበር።

ለፈተናው እያንዳንዱ ተፈታኝ ሞዴል የሚሆን ሰው፣ ከስልሳ ዓመት በላይ፣ ራሱ ይዞ ይምጣ ተብሏል። ከድጃ ሐሙስ እሄድልሻለሁ ብላታለች። ጥሩ። እኔ ተገላገልኩ።

ረቡዕ፣ አቡነ አረጋዊ

አልተገላገልኩም። የከድጃ እህት ባል አረፈ ተብሎ ከቡታጅራ ተደወለ። ለቅሶ አይቀርም። እንባዋን በሻሿ እየጠረገች ስትወጣ እንኳ ምላሷ አልቦዘነም። "ተሰማ፣ ስንት ቤት ያቆምክ ሰው፣ ለልጅህ አንድ ቀን መተኛት አቃተህ? ድንጋዩ እንኳ በተራው ይተኛል።"

መሮዬን አንስቼ እንደገና መሳል ጀመርኩ።

እጅጋየሁ አልለመነችኝም። የከፋው ይሄ ነው። የእናቷ ልጅ ናት፣ ሲከፋት ልብስ ታጥባለች። የታጠበውን ደግማ ስታጥብ አየኋት። የእድር ዳኛውን እናት ጠይቃ ነበር፤ ሠርግ አለባቸው። ሌላም ጠየቀች፤ የለም።

የከበደኝን ልጻፈው።
1. ሟርቱ።
2. ሰው ያየኛል።
3. ልጄ ከቀረች ያ የሰፈሩ ደላላ ተመልሶ ይመጣል። "በሱዳን በኩል ዐረብ አገር በሳምንት አስገባሻለሁ" ያላት ነው፤ እኔ ከበሬ ያባረርኩት። አሁን ቢመጣ እኔን ትሰማለች ወይስ እሱን?

ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል።

"ፈተናው ስንት ሰዓት ነው?" አልኳት። ሳሙናው ከእጇ ወደቀ።

ሐሙስ፣ ቂርቆስ

በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ለእግዜር ነገርኩት፤ ለልጄ ብዬ ነው፣ እውነት አይደለም፣ እንዳይመዘገብብኝ ብዬ። ከዚያ አዲሱን ካልሲ አደረግሁና ታክሲ ተሳፈርን።

መዛኙ ልጅ እግር ነው፣ መነጽር አድርጓል። "አባት፣ እርስዎ ቀኝ ጎንዎ አይሠራም። ከአልጋው ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ታዛውርዎታለች። ምንም እንዳያግዟት" አለኝ። እሺ አልኩ። ተኛሁ። ቀና ብዬ ሳይ ኮርኒሱ ጠማማ ነው። ማን ነው የሠራው?

እጅጋየሁ መጣች። ክንዷን በብብቴ ሥር ስታስገባ፣ ወገቧ ሊቀነጠስ ነው አልኩና ሳላስበው ብድግ ብዬ ሄጄ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በሁለት እግሬ።

እዚያ ያለው ሁሉ በሳቅ አውካካ። መዛኙ ብቻ አልሳቀም። "አባት፣ እርስዎ እኮ ሽባ ነዎት! አንድ ጊዜ ብቻ ትደግማለች። አሁንም ከተነሱ አልቆጥርላትም።"

ልጄን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። በገዛ እጄ ጣልኳት አልኩ።

ወደ አልጋው ተመለስኩ። አልተቆጣችኝም። ተንበርክካ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "አባባ፣ ጉልበት እንዳለህ አውቃለሁ። እዚህ ማንም አይጠረጥርህም። እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ሦስት ስል ክብደትህን ለኔ ስጠኝ" አለችኝ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ሰጠኋት። ቀኝ እጄን ጣልኩት፣ ቀኝ እግሬን ጣልኩት። አንገቴንም ትከሻዋ ላይ ጣልኩት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ማንም ላይ ተደግፌ አላውቅም። ያቺ ቀጭን ልጅ እንደ ማዕዘን ድንጋይ ቀጥ ብላ ያዘችኝ፤ ዞር አድርጋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። እግሬን አስተካከለች። የተሸበሸበ ካልሲዬን እንኳ ሳብ አደረገችልኝ።

መዛኙ ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየንም። ውጤት ነገ ነው።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ብቁ!

ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፤ ጣቴን እያስኬድኩ፣ ማንም ሳያግዘኝ። ብቁ ይላል።

መዛኙ በር ላይ አገኘኝና፣ "አባት፣ ትልቁ ሥራ እልኸኛ በሽተኛ ማሳመን ነው። እርስዎ ባይነሱ ኖሮ ይህን አናይላትም ነበር" አለኝ። እኔም "አውቄ ነው የተነሳሁት" አልኩት። እጅጋየሁ ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ቀኝ ጎኔን ነው፤ ደህና አድርጎ ይሠራል።

ለከድጃ ደወልንላት። ለቅሶ ቤት ሆኜ እንዴት እልል ልበል ብላ፣ ጓሮ ዞራ እልል አለች።

ቅዳሜ፣ እስጢፋኖስ

ዛሬ የአሮጊቷ ልጅ ከዮርዳኖስ በቪዲዮ ደወለች። የሥራ ኤጀንሲው ሰው መሃል ገብቶ ያስተረጉማል። ወረቀቱ ደርሷል፣ ቪዛው ተጀምሯል፤ የበረራው ቀን ገና አልታወቀም። እጅጋየሁ የተማረችውን ሰላምታ በዐረብኛ ስትል ድምፅዋ ተለወጠብኝ፤ ትልቅ ሰው ሆናለች።

ስልኩን ወደ አሮጊቷ አዞሩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ የሆነ ነገር አጉረመረመች። ምን አለች ብንል፣ "ማንም አያስፈልገኝም፣ ራሴ እነሳለሁ" ነው የምትለው አለን አስተርጓሚው። የአሮጊቷ ልጅ አፈረች። እኔ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

"ምን ያስቅሃል?" አለችኝ እጅጋየሁ።

"ደህና ሴትዮ ናት። አንድ ሁለቴ ትነሳብሻለች፤ ታገሻት።"

ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ቤቱ ሊሰፋኝ ነው። ይህን ግን ለእሷ አልነገርኳትም።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ለአሮጊቷ እጄን አውለበለብኩላት። ዞር ብላ ብዙ አየችኝ። አልሳቀችም። እጇን ግን ትንሽ ከብርድ ልብሱ አወጣች።