የደወለችው ሚስስ ኮልተር አይደለችም

ዶብስ መሻገሪያ፣ ጆርጂያ
ሰኞ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2016

ለዴዚሬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፦

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የኦሬገን ዝናብ አሁንም አልቆመም? እዚህ ሙቀቱ እንደ ጎረቤታችን እንደ ሎቲ ሆኗል፤ በር ላይ ቆሞ "ልሂድ፣ ልሂድ" ይላል እንጂ አይሄድም። ጉልበቴ ደህና ነው። ደህና ነው ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን ወረቀት ያወጣሁት ስለ ጉልበት ላወራ አይደለም። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽም ታገሺኝ፣ ሎቲ ትጻፍልኝ ብል እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።

ባለፈው ስትደውዪ ሚስስ ኮልተር ሞተች አልኩሽ። ያቺ ኩሬው ዳር ቤት ያላት ነጯ ሴትዮ። አንቺ "እሰይ! የእጇን አገኘች" አልሽ። እኔም "ተይ፣ ሙት አይወቀስም" ብዬ ወሬ ቀየርኩ፣ ስለ ሎቲ ድመት ቀበጣጠርኩልሽ። ልጄ፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ያን እሑድ፣ ፖሊስ የጠራችው ሚስስ ኮልተር አይደለችም። እኔ ነኝ።

አሁን ወረቀቱን እንዳትቀጂው። መጀመሪያ አንብቢው፣ ከዚያ እንደፈለግሽ።

ኮርዴልን መጀመሪያ ቤት ያመጣሽው ቀን ትዝ ይልሻል? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ሥጋ የሚባል ያልፈጠረበት፣ ጠጉሩን ጠቅልሎ ጠቅልሎ ያንጠለጠለ። ከዶሮ ፋብሪካው ጀርባ፣ ተጎታች ቤቶቹ ጎማ ላይ ከሚቆሙበት የድሃ ሰፈር የመጣ። ያንን የማርሽ ባንዱን ትልቅ የነሐስ ጡሩንባ፣ ትከሻው ላይ ተጠምጥሞ ጭንቅላቱን የሚውጠውን፣ ተሸክሞ በረንዳዬ ላይ ወጣ።

"ይሄን ቧንቧ ከየት ነቅለህ ነው?" አልኩት።

"ከትምህርት ቤት ነው እማማ። ውሃው ስለተቋረጠ ውሰደው አሉኝ።"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወደ ጓዳ ገባሁ። ባሚያ ጠብሼ ነበር፣ ሦስት ሳህን በላ። "እማማ፣ ባሚያ ይሄ ከሆነ እኔ እስከዛሬ ስበላ የኖርኩት ምንድነው?" አለኝ። "አንተ ባሚያውን ብላ፣ ልጄን ግን በዓይንህ አትብላት" አልኩት። አንቺ በጠረጴዛው ሥር በእግርሽ መታሽኝ።

ወድጄው ነበር እኮ! ክፋቱ እሱ ነው። ልጁን ወድጄ፣ ሰፈሩን ጠላሁበት። ክረምቱን በሙሉ ለዲያቆን ሩፈስና ለመዘምራኑ "የኔ ልጅ ኮሌጅ ልትገባ ነው" እያልኩ ደረቴን ስነፋ የከረምኩ ሴት ነኝ። እናትሽን ከቀበርኩ ወዲህ አንቺን እንደ እንቁላል ነው ይዤ የኖርኩት። ከዶሮ ፋብሪካ ጀርባ የመጣ ልጅ ይዛ ትዞራለች ሊሉኝ ነው እንዴ ብዬ ነደደኝ። እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ፋብሪካ ዶሮ ስበልት መኖሬን ረስቼ።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታችሁ "ኩሬው ጋ ደርሰን እንመጣለን" አላችሁ። "ለማታው ጸሎት እንዳታረፍዱ" አልኩ። ፀሐይዋ ዛፎቹ ላይ ደረሰች፣ እናንተ የላችሁም። ስልክሽ አይሠራም። እኛ ሰፈር ልጅ ሲዘገይ የሚደረገውን ታውቂያለሽ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ቁጥሮቹን የለጠፍኩልሽ እኔ አይደለሁ? መጀመሪያ ዲያቆን ሩፈስ፣ እሱ ካላነሳ ጠጉር አስተካካዩ፣ እሱም ከታጣ የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ። መኪና ያለው ወጥቶ መንገድ መንገዱን ያያል። ፖሊስ የለበትም። የኛ ሰው ፖሊስ የሚጠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ እሱም ተመክሮበት። እኔን እናቴ አስተማረችኝ፣ አንቺን እኔ።

ዲያቆን ሩፈስ ቤቱ ነበር። መኪናው ከመስኮቴ ይታየኛል። ግን ብደውልለት "ከማን ጋር ወጣች?" ማለቱ አይቀርም። "ከኮርዴል ፒትስ ጋር" ልለው ነው? አፈርኩ፣ ዴዚዬ። ፈርቼ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ያ ሁሉ ነገር የመጣው ከእፍረት ነው። የማያውቁኝ ሰዎች ጋ፣ ፖሊስ ጋ ደወልኩ።

አንዲት ሴትዮ አነሳች። "ልጄ አልተመለሰችም" አልኳት። "ስንት ሰዓት ሆናት?" አለችኝ እያዛጋች። እኛ ስንጠራ እንደማይቸኩሉ አውቃለሁ። የሎቲ ቤት የተቃጠለ ጊዜ የመጡት አመዱን ለማየት ነው። ስለዚህ ላስቸኩላቸው ብዬ "አንድ ትልቅ ጥቁር ልጅ ነው የወሰዳት፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ አስተያየቱ የማያምር" አልኳት።

"አስገድዶ ነው የወሰዳት?" አለች። ማዛጋቱ ቆሟል።

"እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ ቶሎ ድረሱልኝ።"

አዎ ብል ውሸት ነው፣ አይደለም ብል አይመጡም። መሃሉን ያዝኩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እነሱ የኛን ልጆች የሚጠሩበትን ቃል ስጸየፍ ኖሬ፣ በገዛ አፌ አንስቼ ሰጠኋቸው። እነሱም መጡ። እንደዚያ ሲቸኩሉ አይቼ አላውቅም።

ከኩሬው ስትመለሱ ድልድዩ ላይ የሆነውን ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው የነገርሽኝን ነው። የዘገያችሁት እሱ መኪናውን ቀስ ብሎ ስለነዳ ነው። መንገዱ ስልሳ ይፈቅዳል፣ እሱ በአርባ። "አንቺን ይዤ ምክንያት አልሰጣቸውም" ብሎሽ። ሲያስቆሙት ሁለት እጁን መሪው ላይ ዘርግቶ፣ እናቱ እንዳስተማረችው ቁጭ ብሎ እያለ ጎትተው አስፋልቱ ላይ ጣሉት። ትከሻው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት አልሽኝ። ያ ነሐሱ የሚያርፍበት ትከሻ። ኮሌጁ የተቀበለው ለባንዱ ብሎ ነበር። በኦገስት በሱ ቦታ ሌላ ልጅ ወሰዱ።

"ማን ነው የጠራቸው?" እያልሽ ሳምንት ሙሉ አለቀስሽ። ሚስስ ኮልተር ከዚያ በፊት ልጆች ኩሬው ዳር ቆሙብኝ ብላ ሁለቴ ጠርታለች። ሰፈሩ ሁሉ እሷ ናት አለ። እኔ እሷ ናት አላልኩም። "ሌላ ማን ይሆናል" ነው ያልኩት። አራት ዓመት ይሄን ተንተርሼ ተኛሁ፣ "እኔ እኮ እሷ ናት አላልኩም" እያልኩ። ደግ ሴትዮ አልነበረችም፣ ልዋሽላት አልፈልግም። ግን ይሄን አልሠራችም። አጥሯ ላይ የጻፋችሁባትን በሰማንያ ዓመቷ ብቻዋን ቀለም ስትቀባበት አየኋት። በአውቶቡስ አለፍኳት።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ኮርዴል ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ የመጣ ቀን፣ በረንዳው ላይ ስትጣሉ እኔ ከትንኝ መከላከያው የወንፊት በር ኋላ ተቀምጬ አተር እፈለፍል ነበር።

"ዛሬ አጥሯ ላይ ልንጽፍባት ነው፣ ትመጣለህ" አልሽው።

"እሷ አይደለችም። ተያት።"

"በምን አወቅህ?"

ክንዱን ያንጠለጠለበትን ጨርቅ አጠበቀ።

"ማን ነው ታዲያ? ተናገራ!"

"ዴዝ፣ በናትሽ ተይው።"

"ትከሻህን ሰብረውህ ተይው? ምላስህንም ሰብረውታል እንዴ? አንተ ፈሪ ነህ፣ ኮርዴል! እኔ ከፈሪ ጋር አልሄድም።" እሱ የሰጠሽን የባንዱን ጃኬት አውልቀሽ ደረጃው ላይ ወረወርሽለት።

በደህናው እጁ አነሳው። ቀና ሲል በወንፊቱ አሳልፎ እኔን አየኝ። አልተቆጣኝም። ጠበቃው ባመጣለት የፖሊስ ወረቀት ላይ የደዋይ ስም አለ። ማወቁን ያን ጊዜ አወቅኩ። በኔና በበሩ መሃል ሦስት እርምጃ ነበር። በሩን ከፍቼ "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ። እኔ አተሬን ፈለፈልኩ።

አንቺ ያኔውኑ ሻንጣሽን አነሳሽና መሬት እስከሚያልቅ ድረስ ሄድሽ።

ቅዳሜ ዕለት ጎማ ቤቱ ሄድኩ፣ ኮርዴል እዚያ ነው የሚሠራው። ግራ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሳም።

"እማማ፣ መኪና የለዎት፣ የምን ጎማ ሊያስሞሉ ነው?" አለኝ።

"እኔን አስተንፍሰኝ። አራት ዓመት ተነፍቻለሁ።" ከዚያ ሳልቀመጥ "ለምን አልነገርካትም?" አልኩት።

ጎማውን ሲያገላብጥ ቆየ። "እናቷ የለች። እርስዎንም ብቀማት ማን ይቀራታል? እኔን ደግሞ… ንዴቷ ሲበርድ ትመለሳለች ብዬ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት ሰው ምን ያውቃል።"

"ልጽፍላት ነው" አልኩት።

"ይተዉት እማማ። እዚያ ሩቅ አገር በምን ትጽናና?"

"ሌላ አግኝተሃል?"

"ደንበኛ እየመጣ ነው፣ ከዚያች ወንበር ፈቀቅ ይበሉልኝ" አለኝ። መንገዱን ዞር ብዬ አየሁት። ውሻ እንኳ አልነበረበትም።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ማሪኝ አልልሽም፣ እኔ ራሴን ስምር አንቺን እጠይቅሻለሁ። እሱን ፈሪ ያልሽውን ግን አንሺለት፣ ቃሉ የኔ ነው፣ ወደኔ ይምጣ። አራት ዓመት ሙሉ ደውለሽ "ትልቋ እማማ፣ በላሽ ወይ?" ስትዪኝ ደስ ብሎኝ የመለስኩልሽ እሱ ዝም ስላለልኝ ነው።

ካልደወልሽ ይገባኛል። ብትደውዪ ግን መጀመሪያ ለኔ አትደውዪ። ኮርዴል ቁጥሩን አልቀየረም፣ ጠይቄዋለሁ።

የምትሄጂበት መንገድ ሁሉ በሰላም ያሳልፍሽ፣ ማንም አያስቁምሽ። ከኔ የሚሻል ጠባቂ ይስጥሽ። ካፖርትሽን ሳትቆልፊ እንዳትወጪ፣ ያ ዝናብ ሳንባ ይገባል።

አያትሽ
ኤርነስቲን ጎልፊን