ኮምፒዩተሩ አልደከመም

ውድ አባቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? የጅቡቲ ሙቀት በረድ አለልዎ? ምግብስ ይበላልዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፤ የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው የናፈቀን። ያለፈው ዝናብ እንኳ እርስዎ የጠገኑትን ጣሪያ አልደፈረውም።

ሹፌሩ አሕመድ ሲመጣ፣ ለእኔ አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲሉ እዚያው አንድ ዓመት ሊጨምሩ ማሰብዎን ነገረን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚሁ ነው። አባ፣ ኮምፒዩተሩ ድኗል። ያዳንኩትም እኔው ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። እንደሚያውቁት የእህትዎ የአክስቴ ሸምሲያ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ የቀረውን ብርሃን ማቆየት እንጂ የሄደውን መመለስ እንደማይቻል ነገራቸው። እሳቸውም «የማውቀውን የአክርማ ስፌት ሁሉ በሥዕል አስቀምጪልኝ፤ ለልጆቹ መማሪያ ይሁን» አሉኝ። በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው አሮጌውን ስፌት በጣታቸው እየዳበሱ «ሦስት ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ብጫ» ይሉኛል፤ እኔም ኢንተርኔት ላይ በሚከፈተው የዲዛይን ፕሮግራም እስላለሁ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ስምንተኛው ስፌት ላይ ስንደርስ ግን አንድ ቀለም ነክቼ እስኪታይ ውሃ ቀድቶ መመለስ ይቻል ነበር። ስክሪኑ ድርቅ ሲል አክስቴ ቆጠራው ይጠፋባቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። በሦስተኛው ቀን ስፌቱን ከጉልበታቸው አውርደው «ተይው ልጄ፤ እኔም ደክሜያለሁ፣ እሱም ደክሟል» ብለው ሄዱ።

ፈላና በር ያለው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ኒቆዲሞስም ከፍቶ አየና «አርጅቷል፤ ሌላ ግዙ» አለ። እርስዎ ጋ የደረሰው ወሬ ይሄ ነው። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ቤት ገብቼ ባዶ ፋይል ከፈትኩ፤ እንደ ድሮው ሮጠ! እንግዲያው ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ሳይሆን የሥራዬ ነው አልኩ። ስምንቱን ስፌት አንድ በአንድ ወደ ባዶው ፋይል እየወሰድኩ ሞከርኩ። ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? እያንዳንዷን የአክርማ ጥምዝ ለብቻዋ ስዬ፣ እንዲያምር ብዬ ለእያንዳንዷ ጥላ ሠርቼላታለሁ። በአንድ ፋይል ውስጥ ከሠላሳ ሺህ በላይ ቁራጭ! ገጹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያን ሁሉ እንደገና ለመሳል ነው የሚለፋው። ጥላውን በሙሉ አጠፋሁ፤ ያለቀውን ዙር ወደ አንድ ቅርጽ አዋሐድኩ፤ ስፌቶቹንም በየራሳቸው ፋይል ለያየኋቸው። ኢንተርኔቱን በምከፍትበት በብሮውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ የምስሉን ሥራ ሥዕል ለሚያወጣው ክፍል፣ ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስተላልፈው ማብሪያ ጠፍቶ ስላገኘሁት አበራሁት። ከፍቼ የረሳኋቸውንም ገጾች ዘጋሁ።

በማግስቱ አክስቴን ለምኜ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ሲጠሩ እኔ ስስል፣ ድንገት መቁጠር አቆሙ። ደንግጬ ምነው ብላቸው «ቆይ እንጂ፣ ትንፋሽ ልውሰድ! እኔን ቀድመሽ ልትጨርሺ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። አሁን አሥራ አራት ጨርሰናል። አንዱን አሳትሜ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ስሕተት ካዩበት የእኔ ነው፤ የእሳቸው ቆጠራ ዝንፍ አይልም።

ስለዚህ አባ፣ በእኔ ሰበብ አንድም ቀን እንዳይጨምሩ። ውልዎ ሲያልቅ ይምጡ። አክስቴም «ዓይኔ ሳለ ፊቱን ልየው በዪው» ብለውኛል።

እማዬ ነኢማ አብዝታ ሰላም ትልዎታለች። ነስሮ በቁመት በልጦኛል፤ እሱም ጉልበትዎን ይስማል። አክስቴ ዱዓቸው አይለይዎትም። አብረውዎት ለሚኖሩት ለጋሽ ታደሰም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ ናፊያ

ሐረር፣ ጀጎል፣ ኤረር በር
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.