ያላነበብኩት የሞተር ቁጥር

ውድ ልጄ፣

እጅሽ እንዴት ሆነ? ጄሶው ከተፈታ ወዲህ ጣቶችሽ ይታዘዙልሻል? ስደውልልሽ ይህንኑ ጠይቄ፣ ስለ አየሩ አውርቼ እዘጋለሁ። ልነግርሽ ያሰብኩት ሌላ ነበር። አፌ እምቢ ቢለኝ ነው ብዕር የያዝኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ ታግሰሽ አንብቢው።

የእናትሽን መኪና ልትወዳደሪባት ሞተሯን ልንቀይር የተጨቃጨቅንበት ሰሞን ትዝ ይልሻል? የፈለግነው የውድድር ሞተር እየተሻሻለ በሦስት ዓይነት ወጥቷል፤ አንቺም አያትየው፣ አባትየው፣ ልጅየው ብለሽ ስም አወጣሽላቸው። እኔ አያትየው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ዋናው አካሉ፣ ብሎኩ፣ ድፍን ብረት ነው፣ ሙቀት አይበግረውም።

"አባዬ፣ እሱን ከጫንንባት እኮ መኪናዋ በአፍንጫዋ ትደፋለች" ብለሽ ሳቅሽብኝ።

"እሺ፣ ሁለተኛውስ?"

"አባትየው ቀላል ነው፣ ጉልበትም አለው። ግን ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ያንን ያስተካከሉት ሦስተኛው ላይ ነው። ለውድድር ልጅየው ብቻ!"

ተረታሁ። መረታቴ ስላንገበገበኝ ግን "ሄጄ መርጬ የማመጣው እኔ ነኝ" አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ሞተር ሻጩ ግቢ ስደርስ፣ አንቺ እንደነገርሽኝ የልጅየውን ቀይ ክዳን የደፋ ሞተር ተቀምጧል። ሻጩ ደግ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ክዳን ከአንዱ ወደ አንዱ ይገጥማል፣ አይታመንም። እኔም ከነክምሩ ነው የገዛሁት። መብራት ላምጣልዎትና ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡት" አለኝ። ዙሪያውን ገዢ ቆሟል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ስቆጥር ታየኝ።

"አንተ ሳትወለድ እኔ ሞተር በድምፁ እለይ ነበር" አልኩት። "ይልቅ ጫንልኝ!"

ጋራዥ ገብተን፣ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ "ቁጥሩን አየኸው?" አልሽኝ።

"አንብቤዋለሁ።"

ባትሪ አብርተሽ ጎንበስ ስትዪ ደግሞ "ምነው፣ አባትሽ ውሸታም ነው?" ብዬ ተቆጣሁ። ባትሪውን አጠፋሽው። እናትሽ ብትኖር "ትየው፣ አንተን ምን ቸገረህ?" ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ አንተ የሚለኝ ሰው የለም።

ውድድሩ ላይ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ያ ረጅም ኩርባ፣ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ሲል፣ መኪናዋ ተሽከርክራ ከጎማው ክምር ስትላተም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ "አባዬ፣ አንድ ብሎን ሳላጠብቅ ቀርቼ ነው። ጥፋቱ የእጄ ነው" አልሽኝ። ቁጥሩን እንዳላነበብኩት እያወቅሁ፣ እኔ ምን አልኩ? "ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ" አልኩሽ። ፊቴ ሲገረጣ አይተሽ፣ በዚያች በደህናዋ እጅሽ ውሃ ያመጣሽልኝም አንቺ ነሽ። ጠጣሁት።

ሞተሩን ብቻዬን ፈታሁት። ያንቺን ስህተት ፍለጋ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ ባገኝ ደስ ባለኝ። እያንዳንዱ ብሎን ልክ እንዳሰርሽው ነው፤ እኔ እንኳ እንደዚያ አላስርም። ኩሽኔታዎቹ ግን ዘይት አጥተው ተቃጥለዋል። ብሎኩን በናፍጣ አጥቤ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩት። አባትየው ነው። የልጅየውን ክዳን የደፋ አባትየው።

ይህን ካወቅሁ ሰነባብቻለሁ። አንቺ መፍቻሽን ጠቅልለሽ፣ "እጄን አላምነውም" ብለሽ ቢሮ ተቀጥረሽ የሰው ስልክ ስታነሺ እኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ዝምታዬ ከውሸቴ ባሰ።

ትናንት ምሳ ላይ ለጋራዡ ሠራተኞች ሁሉ ተናገርኩ። በያጁ ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ "ሽማግሌው ተሳሳትኩ አሉ? ኧረ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!" አለ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ቀለም ቀቢዋ ግን አልሳቀችም።

"ለእሷስ ነግረዋታል?" አለችኝ።

ምሳዬን ትቼ ወረቀት ፍለጋ ተነሳሁ።

ይኸው ነገርኩሽ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጫንሽም፤ እሱን ያንቺ ልብ ያውቃል። እጅሽን ግን እመኚው፣ አልበደለሽም። የበደለሽ እኔ ነኝ። መጥተሽ ብትጮኺብኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አመሌ ሆኖ መልስ ብሰጥ፣ አንቺ አሁንም ጩኺ። የጋራዡ የጓሮ በር ማጠፊያው ዝጎ አልከፈት ይላል፤ በደህናው ትከሻሽ ገፋ አድርጊው። ውስጥ ነኝ።

አባትሽ