በፍተሻ ቀን ብቻ ንጹሕ ስለሚሆነው አየራችን

ለተከበሩ የሰፈራችን ማዘጋጃ ቤት የጀነሬተሮች ቁጥጥር ኃላፊ
ቤይሩት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ በመስኮት የሚገባ ንጹሕ አየርና ደረጃ ሲወጡ የማይከዳ ልብ እመኛለሁ። ዊዳድ ሳሊባ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ለሰፈሩ መብራት ከሚሸጠው ከአቡ ጣኒዮስ ጀነሬተር በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ይህ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አራቱን በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ፤ መታሸጋቸው ለማንበብ አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ይህንን ሳላሽግ ለጋዜጣ ሰጠሁት።

አንደኛ፣ ስለ ጭስ ማውጫው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ባለፈው ዓመት የምድር ቤት ጎረቤቶቻችን ጭሱ አፈነን ብለው አቤት ቢሉ፣ ቧንቧው ከፍ እንዲል በአስቸኳይ አዘዙ፤ ከፍም አለ፣ የልጄ የሊያን መስኮት ጋ ሲደርስ ቆመ። ሊያን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤቷን የደብካ ጭፈራ ከፊት ሆና የምትመራ፣ ደረጃውን በሩጫ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ከገና ወዲህ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ደረቷን ትይዛለች፤ «እማ፣ ልቤ ዘለለችብኝ» ትለኛለች። ፈተና ፈርተሽ ነው ብዬ ስቄባት ነበር፤ ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱም ከመምጣቱ በፊት ለአቡ ጣኒዮስ እስከ መደወል ይደርሳል። ሲደርስም ጀነሬተሩ ጠፍቶ፣ ግቢው ታጥቦ፣ ለውዝ በሳህን ቀርቦ ጠበቀው። አርባ ደቂቃ ተቀምጦ «የሚታይ ጭስ የለም» ብሎ ጻፈ፤ እውነቱን ነው፣ አልነበረም። በዚያች አርባ ደቂቃ ሊያን መስኮቷን ከፍታ ነበር። ኋላ አቡ ጣኒዮስን ባናግረው፣ «የሊያን እናት፣ በማን ላይ ቆመሽ ማንን ታሚያለሽ? የስፌት መኪናሽን የሚያዞረው የማን መብራት ሆነና ነው?» አለኝ። የመንግሥት መብራት በቀን ለሁለት ሰዓት ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ፣ ልጄን የሚያፍናት ነገር እንጀራዬም ነው።

ሦስተኛው የእርስዎ ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው። ዶክተር ሰልዋ ለልጄ ደረቷ ላይ የልብ ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ለጠፈችላትና፣ አንድ ሙሉ ቀን ከእሷ ጋር እንዲውል፣ የምትሠራውንም በየሰዓቱ እንድትጽፍ አዘዘቻት። እኔ ግን እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤቷን እንደምትጠርግ ሴት፣ ውጤቱ እንዲያምርልኝ ብዬ ልጄን ይዤ ተራራው ላይ ወዳለው የእናቴ መንደር ወጣሁ። ሊያን ጥድ ሥር ተቀምጣ ዋለች፤ ውጤቱም አማረ። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ፣ የሊያንን ማስታወሻ አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ዊዳድ፣ ምን ነካሽ? ይሄ የመንደሩ ልብ ነው። እኔ የፈለግኩት እዚህ የምትኖረዋን ልጅ ልብ ነው» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔና የእርስዎ ተቆጣጣሪ አንድ ሥራ መሥራታችን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልዩነታችን እኔ እንደገና እንድሞክር መታዘዜ ብቻ ነው።

ድጋሚው እቤታችን ሆነ። ሊያን በማስታወሻዋ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት፦ አቡ ጣኒዮስ ጀመረ። የሒሳብ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ትርታዋ ደጋግሞ ተዛንፏል። «ጭሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ደቃቁ ብናኝ የጤነኛ ወጣትንም የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ከዚያ መስኮት አርቂያት» አለችኝ ዶክተሯ። ሁለት ክፍል ባለው ቤት ወዴት እንደማርቃት አልጠየቅኳትም። የልቧ ነገር እስኪጣራ ድረስ ደብካውም ተከለከለ። ሊያን የሰፋሁላትን የጭፈራ ቀሚስ ለጓደኛዋ ሰጥታ መጣች፤ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ።

የምለምንዎ ጀነሬተሩ እንዲዘጋ አይደለም። ማጣሪያ ይግባለት፣ ቧንቧው ከመስኮቷ ይራቅ፣ ተቆጣጣሪውም ሳይደውል ይምጣ።

የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ከሠራተኞችዎ ይበልጥ የተመላለስኩበት፣ የጸሐፊዎን «ነገ ይመለሱ» በቃሌ ያጠናሁ፣ የማያልቀው ትዕግሥትዎ አድናቂ፣

ዊዳድ ሳሊባ
የሊያን እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ የለመንኩት ሁሉ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ያው ተቆጣጣሪ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢመጣልን ይበቃናል። እንደ ልማዱ ለአቡ ጣኒዮስ አስቀድሞ ይደውልለት። እሱ እታች ለውዙን ሲበላ፣ ልጄ እላይ መስኮቷን ከፍታ ትተነፍሳለች።