ስድስት ሊብራ ከአንድ ኡንኪያ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ እኛ የሕፃናት መመዘኛ ክፍል ሠራተኞች፣ ወገባችን ከመቆረጡና ዓይናችን ከመፍዘዙ በቀር፣ በእርስዎ አመራር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ሰሌዳው ይቀናው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ከጥንታዊ ከተሞች ጉብኝትዎ በተመለሱ ማግስት የሕፃናት ክብደት በጥንት ሮማውያን መለኪያ ካርዳቸው ላይ እንዲሰፍር፣ ጣቢያችንም በዚህ ከሌሎች እንዲለይ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሚዛናችን የሚያውቀው ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ግራሙን ለሦስት መቶ ሃያ ሰባት አካፍዬ ሊብራ፣ የተረፈውን ለሃያ ሰባት አካፍዬ ኡንኪያ አደርጋለሁ፤ ይህንንም በአንድ እጄ የሚንፈራገጥ ሕፃን ደግፌ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ስለ ሂሳብ ችሎታዬ የተጨነቀልኝ አለቃ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ትእዛዝዎ ሥራ ላይ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ አንዲት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጇን ይዛ መጣች። ሕፃኗ ባለፈው ሳምንት ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበረች። የዕለቱን ሠላሳ አራተኛ ሂሳቤን ሠርቼ ስድስት ሊብራ ከአንድ ኡንኪያ ብዬ ጻፍኩ። እናትየው ስንት ሆነች ብላ ስትጠይቀኝ፣ ቀና ሳልል ስድስት አልኳት። ከሁለት ወደ ስድስት! እጄን ስማ፣ ልጇን አቅፋ፣ እየበረረች ወጣች።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አልሸሽም። ቁጥሩን ወደ ኪሎ የመለስኩት በምሳ ሰዓት ካርዶቹን ስደረድር ነው። ሕፃኗ ከሁለት መቶ ግራም በላይ ቀንሳለች። የጣቢያችን ጥበቃ ቤቷን ስለሚያውቅ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ተከትዬው ሮጥኩ። ስንደርስ እናትየው ደጃፏ ላይ ቆማ ልጇ ስድስት መድረሷን ለጎረቤት ታበስራለች። ልጅቱ ግን ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ጡት መሳብ አቅቷት ዝላለች፤ እናቷ ጠግባ የተኛች መስሏታል። ያንን ደስታ ከፊቷ የገፈፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሕፃኗ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን በቱቦ ተመግባ ተረፈች።

ሦስተኛውን፣ ስለደከመኝ፣ አሳጥረዋለሁ። ሕፃኗን ሆስፒታል አስተኝቼ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ ስለመለየት የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ነው። ፊርማዎ ያምራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኪሎ ብቻ እየጻፍኩ መሆኔን፣ ወደፊትም እንደዚሁ እንደምቀጥል፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ማርቀቅ እንዳያደክምዎ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ለጥንቱ ዘመን ያለዎት ፍቅር እንዲጸና፣ ጠቅልለው ወደዚያው የሚሄዱበትንም መንገድ ፈጣሪ እንዲያመቻችልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ ድካም ጋር፣

የሕፃናት መዛኟ ነርስ

ማስታወሻ፦ ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ጠዋት እርስዎን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዛለች። የጽሑፍ ማመልከቻ አላዘጋጀችም፤ ጉዳዩን በቃሏ ይዛዋለች፣ ድምጿም ተራ ጠባቂዎቹ ጋ ድረስ ይሰማል።